ቮልትሜትሩና የኅዳር ውርጭ

የመንዝን ብርድ የሚፈራ ሰው ለራሱ፣ ለከብቱ ወይም ለገብሱ ብሎ ይፈራል። እኔ የምፈራው ለሁለት ቮልትሜትሮች ነበር።

ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ፊዚክስ አስተምር ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ክልል፣ ዞን የሚሉት ቃላት ገና ለአፋችን እንግዳ ነበሩ። ከትምህርት ቤት መልስ ባልደረቦቼ ካርታ ሊጫወቱ ወይም አረቄ ሊቀምሱ ሲሄዱ፣ እኔ ከቤታችን ጀርባ ወዳለችው የጭቃ ክፍል እገባለሁ። ማንም አላዘዘኝም። የጎረቤት ሬዲዮ እጠግን ነበር፤ ልቤ ግን እነዚያ ሁለቱ ላይ ነበር። በየሬዲዮ ጠጋኙ እጅ የምታዩት ዓይነት ቴስተር አይደሉም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ ቁጥራቸውን በቀይ መብራት የሚጽፉ፣ የቮልትን ሺህኛ እንደገና ሸንሽነው የሚያነቡ ከባድ ዕቃዎች ናቸው። ትልቁን አብሮኝ የተማረ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ፣ ከሚሠራበት ቤት አሮጌ ዕቃ ሲወገድ ለምኖ ሰጠኝ። ትንሹን ራሴ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሬሳውን አግኝቼ፣ በስንት ልፋት አስነሣሁት።

እንዲህ ያለ መሣሪያ አየሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቃሉን ይለውጣል። ጠዋት ለአንድ ባትሪ የሰጠውን ቁጥር ቀትር ላይ ይክደዋል፤ ባትሪው ግን ያው ነው። መንዝ ላይ ደግሞ ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግል ውላ፣ ማታ ውርጭ ይወርዳል። ተከልሎ ከሚጠበቀው ከጓሳ ደጋ ሣር ማጨድ በተፈቀደ ጊዜ ከአማቴ ሸክም ተካፍዬ ጣራውን ከውስጥ ደፈንኩት። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። ቁጥሮቹን የማመሳክርባቸውን ባትሪዎች በአሮጌ ባና ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኳቸው።

"እኔ በጋቢ እየተንዘፈዘፍኩ፣ የአንተ ባትሪ ባና ለብሶ ይተኛል" ትለኝ ነበር ባለቤቴ።

ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ያችን ክፍል እከፍት ነበር። ቁጥሮቹ በቦታቸው ካሉ ቀኔ ደኅና ይውላል። ከሄዱ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ኒውተን እያወራሁ እንኳ ሐሳቤ እዚያው ነው።

እንዲህ የሆንኩት የመጀመሪያ ልጃችንን ካጣን በኋላ ይመስለኛል። ወንድ ነበር። ባለቤቴ እናቷ ቤት ገጠር ነው የወለደችው፤ ክትባት የሚባል ነገር አልወሰደችም ነበር። ልጁ ደኅና ሰንብቶ፣ በሳምንቱ ግድም ጡት መጥባት ተወ። ከዚያ አፉ አልከፈት አለ። ሰውነቱ ድርቅ እያለ ወደ ኋላ ይለመጥ ጀመር። መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉን። ቀበርነው።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው እሷ ዳግመኛ በፀነሰች ጊዜ ነው።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ፣ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። መብራት የላትም። ክትባት የምታስቀምጥበት ፍሪጅ በላምባ እሳት የሚሠራ ነበር። ነርሷን ሁላችንም "ሲስተር" እንላቸዋለን፤ በዕድሜ እናታችን ባይሆኑ ታላቅ እኅታችን ነበሩ። ባለቤቴ ከእሳቸው ሌላ ሰው አታምንም። የመጀመሪያውን የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ የወሰደችውም እዚያ፣ በእሳቸው እጅ ነው። መርፌውን ወስዳ የመጣች ዕለት ክንዷን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ እንደገባች አስታውሳለሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ሲስተር በበቅሎ መጡ። ውርጩ ከጀመረ ሰንብቷል። ባለቤቴ ጠላ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መምህር፣ ፍሪጅ ትጠግናለህ?"

"አልሞከርኩም፤ ምን ሆነ?"

"አልተበላሸም። ብቻ አላመንኩትም።"

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንዲት ብልቃጥ አወጡ። ነቅነቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። "እይ። ደኅናው መድኃኒት ሲናወጥ እንደ ወተት አንድ ዓይነት ይሆናል። ይሄ ግን እንደተቆረጠ ወተት ሆነብኝ። ወደ ታች ይዘቅጣል። ወይስ ዓይኔ ነው?"

አየሁት። የሚዘቅጥ መሰለኝ፤ ደግሞም ያልዘቀጠ መሰለኝ።

"በረዶ ሆኖ ይሆን?"

"እሱን ነው የፈራሁት። ይሄ የመንጋጋ ቆልፉ አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ሰው አይጎዳም፤ ግን ጥቅም የለውም። ቴርሞሜትሩን ጠዋት ስገባ አየዋለሁ፣ ማታ ስወጣ አየዋለሁ፣ ደኅና ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ብርዱ በጸናበት ሰዓት ግን ማን ያየዋል? እሳቱን ደግሞ ያስተካከልኩት በክረምት፣ ውርጭ ሳይመጣ ነው። የጠረጠርኩት ይሄንን ነው።"

"ታዲያ ሁሉንም አውጥቶ መጣል አይሻልም?"

"ደኅና ከሆነስ? ከጓሳ ማዶ የሚመጡ እናቶች አሉኝ። ቅዳሜ በገበያ ቀን ነው የሚመጡት። የለም ብዬ ከመለስኳቸው ዳግመኛ ያን ዳገት የምትወጣው ስንቷ ናት? ደብረ ብርሃን ሌላ ላኩልኝ ብል፣ ለምን የሚለኝ አለ። ጠረጠርኩ ብዬ ነው የምመልስ?"

ጠላው በእጇ እንዳለ ባለቤቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየናትም።

"እኔን የወጉኝስ ከዚሁ ነው?" አለች።

ሲስተር ብልቃጧን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። "ከዚሁ ነው፣ ልጄ" አሏት።

የማደርገው ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት የሆኑ ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ሲበየዱ፣ በመጋጠሚያው ሙቀት ልክ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። አንዱን መጋጠሚያ የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ፣ ሌላውን ፍሪጁ ውስጥ በብልቃጦቹ መሃል ባደርገው፣ ቮልትሜትሩ የሁለቱን ልዩነት ያሳየኛል። ፍሪጁ ከበረዶው የሞቀ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው። ከበረዶው ከቀዘቀዘ ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ይወጣል። ሽቦው ከክር ብዙም አይወፍርም፤ በበሩ ጎማ ሥር ስለሚያልፍ ፍሪጁን መክፈት አያስፈልግም። ይህን ለሲስተር ሳስረዳቸው ግማሹን ሰምተው፣ "መቼ ትመጣለህ?" አሉኝ።

ዓርብ ከትምህርት መልስ ትልቁን ቮልትሜትር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል የሚለውጥለትን ኢንቨርተር ሲስተር በላኳት በቅሎ ጭኜ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ እጄ ከጭነቱ አልተለየም። በረዶ አላጣንም፤ ሲስተር ማታ ደጅ ያወጡት የሳፋ ውኃ ጠዋት ጠዋት መስተዋት መስሎ ይገኛል። የዚያን ቀኑን ሰባብረው በፔርሙስ አቆይተውልኝ ነበር። ከክሊኒኩ ዘበኛ ቤት አደርኩ።

ጎሕ ሲቀድ ሲስተርና እኔ ፍሪጁ ፊት ቆምን። የምንተነፍሰው ሁሉ ጭስ ነው። ማታ ፍሪጁ ውስጥ ያስገባሁትን ሽቦ ጫፎች ሰክቼ መሣሪያውን አበራሁት። ቀዩ ቁጥር ተርበተበተ፤ ዜሮ አጠገብ ደረሰ፤ ከዚያ የመቀነስ ምልክቱ ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ወጣና ቀረ።

"ምን አለ?"

"ከዜሮ በታች።"

ሲስተር በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሌላው እጃቸው ወደ ፍሪጁ በር ሲሄድ አየሁት።

"ይቆዩ፣ ሲስተር። አንድ ነገር ልይ።"

ሽቦዎቹን ነቅዬ የመሣሪያውን ሁለት መሰኪያዎች በአጭር የመዳብ ሽቦ አገናኘኋቸው። እንዲህ ሲገናኙ የሚለካ ነገር ስለሌለ ዜሮ ማለት አለበት። አላለም። የመቀነስ ምልክቱ ንቅንቅ ሳይል ቆመ።

ፈትቼ እንደገና አገናኘኋቸው፤ ያው ነው።

"ሲስተር፣ የበረደው ፍሪጁ ይሁን የእኔ መሣሪያ፣ አላውቅም።"

"አታውቅም?"

"አላውቅም።"

ፀሐይ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ እናቶቹ መድረስ ጀመሩ። አንዳንዶቹ በውርጭ የረጠበ እግራቸውን ደጃፉ ላይ እየጠረጉ፣ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀመጡ። ሲስተር ወጡ፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ቀረሁ። "ዛሬ መርፌ የለም፤ መድኃኒቱን እያየነው ነው። ነገ ይታወቃል። የምትችሉ እደሩልኝ" ሲሉ እሰማለሁ። ማጉረምረም ሆነ። ሁለቱ ዘመድ አለን ብለው ቀሩ። አንዲት ወጣት ሴት፣ ሆዷ የገፋ፣ ቆማ "በጎቹን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ማደር አልችልም" አለች። ሲስተር እጇን ይዘው ብዙ ለመኗት። መቋሚያ በትሯን አንስታ ሄደች። በመስኮቱ ከኋላዋ አየኋት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያች ሴት ከዓይኔ አልጠፋችም።

ትንሹን ቮልትሜትር ለማምጣት ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ ደጅ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

"ምን ተገኘ?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት ደኅና ነው ማለት ነው?"

"ምንም ማለት ገና አላወቅሁም ማለት ነው። መሣሪያው ራሱ በርዶት ነበር።"

መደቡ ላይ ተቀመጠች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። "ስማኝ" አለች። "አለማወቁን እችለዋለሁ። ብቻ ለማጽናናት ብለህ የሆነ ነገር እንዳትነግረኝ። በልጁ ጊዜ የገባው ሰው ሁሉ 'ይሻለዋል' ይለኝ ነበር።"

"አልነግርሽም።"

"እንግዲያው ምን ልርዳህ?"

ጥፋቱ ምን እንደሆነ መንገድ ላይ ሳሰላስል መጥቼ ነበር። መሣሪያውን ከብርድ አምጥቼ፣ ሳይሞቅና ሳይረጋ ነው የጠየቅሁት። በክሊኒኩ በር ሥር የሚገባው ነፋስ በቀጥታ መሰኪያዎቹን ይመታል። ሽቦ ስሰካ ደግሞ የጣቶቼ ሙቀት አንደኛውን መሰኪያ ከሌላው ለይቶ አሙቆታል። መሰኪያ ከሽቦ የሚገናኝበት ቦታም የሁለት ብረት መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ያቺው ትንሽ ሙቀት ፍሪጁን መስላ ትናገራለች። እንዲህ ያለውን ነገር በራሴ ክፍል ውስጥ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ ለቁም ነገሩ ቀን ዘነጋሁት።

የሻይ ቅጠል የመጣበትን አንድ የጣውላ ሣጥን አመጣሁ። ባለቤቴ ባናውን በልኩ ቆርጣ፣ በወስፌ እየሰፋች ውስጡን አለበሰችው። መሰኪያዎቹ ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ እንዲቀሩ አደረግሁ። ዜሮውን ለመፈተን በእጄ እንዳልነካው፣ ሁለቱን መሰኪያዎች የሚያገናኝ ትንሽ ማብሪያ ገጥሜ በክር ከውጭ እንዲሳብ አደረግሁት። ቁጥሩ የሚታይበት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ተተወ። ከስፌቷ ቀና ብላ "ሁለቱ አንድ ዓይነት ቃል ካልተናገሩስ?" አለችኝ። ያን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሬ ስሸሸው ነበር።

"እንደገና እለካለሁ" አልኳት።

ቀኑ ሳይመሽ ክሊኒኩ ደረስኩና ሁለቱንም አብርቼ ሣጥኑን ዘጋሁ። ተቻኩዬ የጠዋቱን ስሕተት እንዳልደግም፣ እስኪነጋ ላለማየት ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ባትሪው እስከ ጠዋት ይበቃ እንደሆን አላውቅም ነበር። ለአዳር ከመንገድ ወርዶ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሌላ ባትሪ አዋሰን፤ ያንንም ጎን ለጎን አሰርኩት። ኢንቨርተሩ ሲያንጎራጉር እየሰሙ፣ ዘበኛው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥተው "ደኅና ነው እንዲህ መጮኹ?" ብለው ጠየቁኝ። የሚያስፈራኝ ዝም ያለ እንደሆን ነው አልኳቸው።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከወዲያ ማዶ የቅዳሴ ደወል ይሰማል። ሲስተር ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ቀርተው አጠገቤ ቆመዋል። ክሩን ሳብኩት። ትልቁ ዜሮ አለ። ትንሹም ዜሮ አለ። ለቀቅሁት። ትልቁ ፊት የመቀነስ ምልክት ወጣ። ትንሹ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እሱም ያንኑ አወጣ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጥቂት ቢለያዩም አነጋገራቸው አንድ ነበር። ክሩን እንደገና ሳብኩ፤ ዜሮ። ለቀቅሁ፤ ከዜሮ በታች። እጄ እስኪዝል ደጋገምኩት።

"አሁንስ?" አሉ ሲስተር።

"አሁን ፍሪጁ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር።"

ቆመን አየነው። ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መጣ፤ ሲስተር ወትሮ ሥራ በሚገቡበት ሰዓት ደኅናው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። ፍሪጁን ከፍተው ቴርሞሜትሩን አዩት። እሱም ደኅና አለ። "ስንት ጠዋት ሰላም ብሎኛል" አሉ። ከዚያ የመንጋጋ ቆልፉን ብልቃጦች አንድ በአንድ አውጥተው በካርቶን ለብቻ አስቀመጡ። የላምባውን እሳት ዝቅ አደረጉ። ከዘበኛው ሽማግሌ ጋር ሦስታችን ተጋግዘን ፍሪጁን ከውጩ ግድግዳ አራቅነው። ላደሩት ሁለት እናቶች እውነቱን ነገሯቸው፤ አንደኛዋ "ታዲያ ያለፈው ወር የተወጋሁትስ?" ብላ ጠየቀች። ሲስተር "አዲስ ሲመጣ እንደገና እወጋሻለሁ" አሏት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ተረዳች። ቢሆንም በቃሌ እንድነግራት ጠበቀች፤ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "እንግዲህ እንዳልተወጋሁ ነኝ" አለች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አዲሱ ክትባት ከደብረ ብርሃን እንዲላክ ሲስተር መልእክት ሰደዱ። መርፌው ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ጊዜ ተሰጥቶት መወሰድ አለበት፤ ሁለተኛውም ከወሊዱ ቀደም ማለት አለበት። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ሆዷ ግን ለእኔ ጣት አይታዘዝም። ሚኒባስ በገባ ቁጥር መናኸሪያ ነኝ። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "የለም፣ መምህር!" ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን ግን አንደኛው ምንም ሳይል ከእግሩ ሥር የበረዶ ሣጥኑን አውጥቶ ሰጠኝ። በሁለት እጄ አቅፌ፣ አልሮጥም እያልኩ ሮጥኩ።

ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወሰደች። ሁለተኛውንም ወሰደች። ምጡ ግን ከጠበቅነው ቀድሞ መጣ። ሲስተር ራሳቸው አዋለዷት፤ ምላጩን በፊቴ ቀቀሉት፤ እትብቱን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ሴት ልጅ ነበረች። "ጊዜው በቅቷል?" ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ስለ መርፌው ማለቴ ነው። "ይበቃል ብዬ አስባለሁ" አሉ። እንደ ሌላ ሰው "ምንም አትሆንም" ስላላሉኝ አከበርኳቸው፤ እዚያው ደግሞ ባሉኝ ብዬ ተመኘሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንዳለፍነው በደንብ አላስታውስም። የሚመጣው እንግዳ ገንፎ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል፤ እኔ የማየው የልጅቷን አፍ ነው። ጡት ስትይዝ እተነፍሳለሁ፤ ስትለቅ እቆማለሁ። ቮልትሜትሮቹ ጠፍተው አቧራ ጠጡ፤ ያችን ክፍል አልከፈትኳትም። ወንዱ ልጅ መጥባት የተወበት ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ አቀፈቻት። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ፈለገች፤ አገኘች፤ እስኪያንቃት ድረስ ጠባች። ባለቤቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። በማግሥቱም ጠባች። ከዚያም በኋላ።

በዚያው ሰሞን ሲስተር የበረዶ ሣጥናቸውን በበቅሎ ጭነው፣ በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠው የወጓቸውን እናቶች ከመንደር መንደር እየዞሩ ይፈልጉ ነበር። ብዙዎቹን አገኙ። ልጃችን ክርስትና ስትነሣ ጠርተናቸው በሰዓቱ ሳይመጡ ቀሩ፤ ምግቡ ቀዝቅዞ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። በዚያ ቅዳሜ በትሯን አንስታ የሄደችውን ሴት ፍለጋ ከጓሳ ማዶ ወርደው ነበር።

"አገኟት?" አልኳቸው።

"አገኘኋት። ወልዳለች። መርፌ ሳትወስድ፣ ቤቷ ነው የወለደችው። ልጁ ደኅና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል።"

ባለቤቴ ልጃችንን አሳቀፈቻቸው። ሲስተር ብዙ አዩዋት።

"የዚያኛው ልጅ በእግዜር ቸርነት ነው፤ በእኛ አይደለም" አሉና ጠላውን ተቀበሉ። "ለሚቀጥለው ልጅ ወግቻት መጣሁ።"